ጋሽ ቆይ ቁም ሳጥን የገቡ ዕለት

ዕቃ ሲበላሽ ከባለቤቱ ቀድሞ የሚሰማ ሰው የሌለበት ሰፈር እስካሁን አላየሁም። እናንተም አላያችሁም። ካያችሁ ንገሩኝና ቤት ልከራይበት፤ ካውያዬን በሰላም የማቃጥልበት ቦታ ስፈልግ ዓመታት አልፈዋል። ይህ ሰው ጋዜጣ እያነበበ ይሁን፣ እንቅልፍ ሸለብ አድርጎት ይሁን፣ ፊቱን በሳሙና ሸፍኖ እየተላጨ ይሁን ግድ የለም፤ ከሦስት በር ወዲያ የአንድ ማራገቢያ ድምፅ ለወጥ ሲል ጆሮው ቀጥ ይላል። እጁን ይበላዋል። ከዚያ በራችሁ ይንኳኳል።

የእኛ ሰፈሩ ጋሽ ቆይ ይባላሉ። እውነተኛ ስማቸውን የሚያውቅ ካለ እሳቸው ብቻ ናቸው፤ እሳቸውም ቢሆኑ "ጋሽ ቆይ!" ሲባሉ ነው ዞር የሚሉት። ስሙ የወጣላቸው እግራቸው ደጃፍ ሳይረግጥ ከሚደርሰው ቃላቸው ነው። "ቆይ! ቆይ ቆይ ቆይ! እንዳትነኪው!" ለወንድም፣ ለሴትም፣ ለማቀዝቀዣም ያው "ቆይ" ነው። አንድ ቀን ሊገነፍል የተነሣ ወተት በጣታቸው እያስፈራሩ "ቆይ!" ሲሉት በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ወተቱ አልሰማቸውም።

ክቡርነታቸው በሥራ ዘመናቸው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከቤት ቤት እየዞሩ ቁጥር አንብበው መዝገብ ላይ አሰፈሩ። አንብበው ነው ያልኩት፤ ልብ በሉ። አንድም ቀን አንድም ቆጣሪ ፈትተው እንዲያዩ አልተፈቀደላቸውም። ሠላሳ ዓመት ብሎን እያዩ አለመንካት ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ እስቲ አስቡት! ጡረታ በወጡ ማግስት ካቻቢቴ ገዙ፤ ከዚያ ወዲህ የሰፈሩ ብሎን ሁሉ እንቅልፍ የለውም።

የሊቀ ካቻቢቴው ሙሉ ትጥቅ በአንድ የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ያድራል። ፒንሳ፣ ላጲስ፣ ጥጥ፣ የተቆራረጠ ሽቦ፣ ደግሞም አንድ የማርማላታ ብልቃጥ አፉ ድረስ በብሎን የተሞላ።

"ይሄ ሁሉ ብሎን ከየት ነው ጋሽ ቆይ?" ብዬ ጠየቅኳቸው አንድ ቀን።

"ትርፍ ነው።"

"ከምን የተረፈ?"

"ከሠራኋቸው ዕቃዎች ነዋ! ፋብሪካዎች ስለሚፈሩ አብዝተው ነው የሚያስገቡት።"

ልብስ ሰፊው ጎረቤታችን የስፌት መኪናው ክር እየበጠሰ ቢያስቸግረው ሰጣቸው። ክር መበጠሷን ተወች። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ኋላ ብቻ ነው የምትሰፋው። "ጋሽ ቆይ፣ ኧረ ወደ ፊት እምቢ አለች!" ቢላቸው፣ "ታዲያ አንተ ጨርቁን አታዞረውም? ይሄ ደግሞ ምክር ይፈልጋል?" ብለው ተቆጡት። አዞረው። ይኸው ሁለት ዓመቱ፣ እየሰፋ ነው፤ እንዲያውም ፈጠንኩ ይላል። የሕንጻችንን የበር ደወል የሠሩልን ጊዜም እንዲሁ ሆነ። ደወሉ አይጮኽም፤ በምትኩ ሲጫኑት የደረጃው መብራት ይበራል። እንግዳ መምጣቱን በብርሃን ነው የምናውቀው። "ደወል ጆሮ ያደነቁራል፤ ይሄ ይሻላል" አሉን፤ እውነትም ሳንለምደው አልቀረንም።

የባትሪ ነገር ከተነሣ ግን አይቀለድባቸውም። "ባትሪ ይደክመዋል እንጂ አይሞትም" ይላሉ፤ ከልባቸው። ሰፈሩ የጣለውን ባትሪ ሁሉ ይለቅሙና መስኮታቸው ጠርዝ ላይ ደርድረው ፀሐይ ያስመቱታል። ጠዋት በዚህኛው መስኮት፣ ከሰዓት በዚያኛው። ሲመሽ በፎጣ ጠቅልለው ያስገቡታል። በሦስተኛው ቀን አንድ በአንድ ጫፉን በጥርሳቸው ነከስ ያደርጉና ጣዕሙን አዳምጠው "ይሄ ድኗል" ወይም "ይሄ አንድ ቀን ይቀረዋል" ብለው ይፈርዳሉ። የዳነው ለጎረቤት ይታደላል፤ በነጻ! እምቢ ማለት የለም። አንዴ እምቢ ብያቸው ሳምንት ሙሉ ደረጃ ላይ ስንገናኝ ሰላምታዬን ለግድግዳው መለሱት።

አሁን ወደ አክስቴ ልምጣ፤ ጉዳዩ የእሷ ነውና።

አክስቴ ምድር ቤት ነው የምትኖረው፤ ከጋሽ ቆይ ጋር አንድ ግድግዳ ይጋራሉ፤ እኔ ከበላያቸው ነኝ። ሙያዋ አዋላጅ ነርስ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በአንዲት ጤና ጣቢያ የሰው ልጅ ስትቀበል ኖራ ባለፈው ወር ጡረታ ወጣች። እኔንም የተቀበለችኝ እሷ ናት፤ "ገና ስትወጪ እየተከራከርሽ ነበር" ትለኛለች። እጇ ወርቅ፣ ልቧ ወርቅ፤ አንድ እክል ብቻ አለባት። ፎቶ ስትነሣ ዓይኗ ይጨፈናል። አልፎ አልፎ እንዳይመስላችሁ፣ ሁልጊዜ ነው! የተማሪነት ፎቶዋ ላይ ጨፍናለች፤ መታወቂያዋ ላይ ጨፍናለች፤ በወንድሟ ሠርግ ከሙሽሮቹ ጎን ቆማ ጨፍናለች። በስልክ ሞከርን፤ ባሰ። በስልክ ወዲያው ታየዋለች፤ ታይና ትናደዳለች፤ ተናድዳ ለሚቀጥለው ዓይኗን ታፈጣለች፤ አፍጥጣ አፍጥጣ ልክ ስንጫነው ጭፍን!

ታዲያ ጤና ጣቢያው ኮሪደር ላይ የጡረተኞች ፎቶ የሚሰቀልበት ግድግዳ አለ። የእሷ ሽኝት ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ፎቶ ካላመጣች መዝገብ ቤት ካለው ፋይሏ የመታወቂያዋን አጉልተው ሊሰቅሉት ወስነዋል። ይህን የሰማች ቀን እቤቷ ስገባ ሶፋው ላይ ኩርምት ብላ አገኘኋት።

"ሠላሳ አራት ዓመት ሌሊት ዓይኔን ሳልከድን አድሬ፣ እዚያ ግድግዳ ላይ ለዘላለም ተኝቼ ልሰቀል?" አለችኝ። "አላፊ አግዳሚው ሁሉ 'ተረኛዋ ይቺ ነበረች?' ይበል?"

ልስቅ ብዬ ቀና ስል ዓይኗ እንባ አቅርሯል። ሳቄን ዋጥኩት።

ያን ጊዜ ነው ከአባቴ የወረስኩት ካሜራ ትዝ ያለኝ። የድሮ ባለፊልም ነው፤ ሞተር አለው። አንድ ፎቶ ባነሣችሁ ቁጥር "ዝርርር" ብሎ ፊልሙን ራሱ ያዞራል፤ ሲያልቅም ራሱ ወደ ማኅደሩ፣ ማለትም ፊልሙ ወደ መጣበት ትንሽ ቆርቆሮ መልሶ ይጠቀልለዋል። ፊልሙ ተመልሶ ሳይገባ የካሜራው ጀርባ ከተከፈተ ብርሃን ያገኘዋል፤ ይቃጠላል፤ አለቀ።

"ፊልም እኮ ወዲያው አይታይም እቴቴ" አልኳት። "እስኪታጠብ አታይውም፤ ካላየሽው አትናደጂም፤ ካልተናደድሽ አትጨፍኚም።"

ብዙ አሰበች። "አንድ ጊዜ ነው የምቀመጥልሽ" አለች በመጨረሻ። "ከዚያ በኋላ ካሜራ ይዘሽ በዚህ በር እንዳትገቢ። የመታወቂያው ይሰቀል፣ ተኝቼ ልቅር።"

ረቡዕ ጠዋት ፎቶ ቤቱ መሳቢያ ውስጥ የቀረችውን የመጨረሻዋን ፊልም ገዝቼ መጣሁ። ካሜራው ሁለት ባትሪ ይፈልጋል። ሱቁ ማዞሪያው ላይ ነው፣ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ከቤት ልወጣ ስል ከመስኮታቸው ድምፅ መጣ።

"ቆይ! ለባትሪ ነው የምትወጪው? እኔ እያለሁ? ነውር አይደለም እንዴ!"

ሁለት ባትሪ መዳፌ ላይ አኖሩልኝ፤ ከፀሐይ የተነሡ ስለሆነ ገና የተጣለ ዕንቁላል ያህል ይሞቃሉ። ተቀበልኩ። ጥፋቱ የእኔም ነው፤ ለሰላምታ ብዬ ነው።

አክስቴ ነጭ ጋዋኗን ለብሳ፣ ፀጉሯን አበጥራ መስኮቱ ሥር ተቀመጠች። ጠቅ፣ ዝርርር። ጠቅ፣ ዝርርር። ቀልድ ነገርኳት፣ ስለ ልጅነቴ አወራኋት፣ አንድ ጊዜም በአፌ የድመት ድምፅ አሰማሁ። ሃያ ሦስተኛው ላይ ካሜራው "ጠቅ፣ ዝር…" አለና ዝም አለ። ብጫነው አይሠራም። ከሥሩ ፊልሙን መልሶ የሚያስጠቀልል፣ በእስኪርቢቶ ጫፍ ብቻ የሚነካ ትንሽ ቁልፍ አለ፤ እሱን ወጋ አደረግኩት። ሞተሩ ከወንበር እንደሚነሣ ሽማግሌ "እህህ" ብሎ መልሶ ተቀመጠ።

"ምን ሆነ?" አለች አክስቴ።

መልስ ለመስጠት አፌን ሳልከፍት በሩ ተንኳኳ። ግድግዳው ስስ ነው ብያችኋለሁ?

"ቆይ! ቆይ ቆይ! እንዳትከፍቺው!" ጋሽ ቆይ የብስኩት ቆርቆሯቸውን በብብታቸው ይዘው ገቡ። ካሜራውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ጆሯቸው ላይ አደረጉት፤ አሸተቱት። ከዚያ በላዩ ያለችውን የቁጥር መስኮት አገኙ፤ ፊታቸው በራ። ዕድሜያቸውን የሠሩበት ነገር ነው! መነጽራቸውን አወረዱ።

"ሃያ ሦስት ይላል" አሉ በሙሉ ሥልጣን። ደረት ኪሳቸው ውስጥ ካለች ደብተር ላይም ጻፉት።

የባትሪውን ቤት ከፍተው ብረቱን በላጲስ አሹት፣ በጥጥ ጠረጉት፣ እፍ አሉበት። "ሞተሩ ደንግጧል" አሉ። "ገር ነገር ነው፣ ይለቀዋል።"

"ባትሪው ቢሆንስ?" አልኩ፤ ቀስ ብዬ።

ጋሽ ቆይ በመነጽራቸው አናት አዩኝ።

"ባትሪው? ባትሪውማ የኔ ነው!"

ማስረጃው ይኸው ነበር፤ ምን ትላላችሁ? "ከሱቅ ላምጣ" ብል ዳግመኛ ለግድግዳው ሰላም ሊሉ ነው። አክስቴም በዓይኗ "ተይ፣ አዋቂ ናቸው" አለችኝ። ክቡርነታቸው ከኪሳቸው ሌላ ጥንድ አወጡ፤ "ለማንኛውም እነዚህ አራት ቀን የሞቁ ናቸው" ብለው አስገቡ። በዚህ መሀል የካሜራው ጀርባ በደንብ ያልተዘጋ መሰለኝና ጫን ላደርገው ጣቴን ወደ መክፈቻው ሰደድኩ።

"ቆይ!!!"

እንዲህ ያለ "ቆይ" በዕድሜዬ ሰምቼ አላውቅም። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። አክስቴ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። የጋሽ ቆይ እጅ ራሱ ደንግጦ ካሜራውን ጨበጥ ሲያደርገው፣ ጠቅ፣ ዝርርር።

"ወይኔ ፊልሜን!" አለች አክስቴ፤ ከድንጋጤዋ ወደ ሳቅ እያለፈች። "አንዷን አባከኗት!"

"ለሙከራ ነው" አሉ እሳቸው፤ ፍንክች ሳይሉ። "ሃያ አራት።" ደብተራቸው ላይ አስተካከሉ።

ከዚያ ያቺን ትንሽ ቁልፍ በእስኪርቢቶ ወጓት። ሞተሩ ተነሣ! "ዝርርርር…" ቁጥሩ መውረድ ጀመረ፤ ሃያ ሦስት፣ ሃያ ሁለት፣ ሃያ አንድ። ጋሽ ቆይ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

"ወደ ኋላ የሚቆጥር ቆጣሪ!" አሉ። "አይ የኛ የውሃ ደንበኞች! ይህን ሳያዩ!"

አሥራ አንድ ላይ ሲደርስ "ዝር… እህ" አለና ቀጥ። ብንወጋው፣ ብናሻሸው፣ ብናባብለው ወይ ፍንክች። ግማሿ አክስቴ ማኅደሩ ውስጥ ገብታለች፤ ግማሿ ውጭ ቀርታለች። በየትኛው ግማሽ ላይ ዓይኗ እንደተከፈተ ማን ያውቃል? ጀርባው ቢከፈት ውጭ ያለችው ትቃጠላለች። ሌላ ፊልም የለም። አክስቴም ዳግመኛ አልቀመጥም ብላለች፤ እሷ ደግሞ ካለች አለች ነው። ቅዳሜ ሦስት ቀን ቀርቶታል።

አክስቴ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። "ይተዉት ጋሽ ቆይ" አለች ድምፅዋ ሰልሎ። "አልታደልኩም።"

ይህን ሲሰሙ ሰውየው ተለወጡ። ኮታቸውን አወለቁ። "ጨለማ ያስፈልጋል" አሉ። "ድቅድቅ ያለ ጨለማ። በጨለማ ከፍቼ በጣቴ እጠቀልለዋለሁ።"

ቀኑ ገና አምስት ሰዓት ነው፤ ፀሐዩ እንደ ጉድ ይንቦገቦጋል፤ መጋረጃው ስስ። ሦስታችንም አንድ ላይ ዞረን የአክስቴን ቁም ሳጥን አየነው።

ልብሱን ሁሉ አውጥተን አልጋው ላይ ከመርነው። ጋሽ ቆይ ካሜራውንና አንድ ፎጣ ታቅፈው፣ ለሦስት ተጣጥፈው ገቡ። በሩን ዘጋን። አክስቴ በስንጥቁ ሁሉ ብርድ ልብስ ጠቀጠቀች፤ ከዚያ የጋዋኗን እጅጌ ጠቅልላ በሩ አጠገብ ቆመች። የጋሽ ቆይ ጣት በላብ ፊልሙን ቢቧጭረውስ? ቢበጥሰውስ? ልናገር አፌን ስከፍት አክስቴ "ዝም በይ፣ ሰውየውን አታስደንግጪያቸው" ብላ ገሠጸችኝ።

ከውስጥ "ጓ!" አለ፤ የልብስ መስቀያ ወደቀ።

"ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ ሲስተር… አየር ብቻ ትንሽ አነሰኝ።"

"በአፍንጫዎ ያስገቡ፣ በአፍዎ ያውጡ። ቀስ ብለው። እንደሱ። አይቸኩሉ።"

ጥቂት ቆየን። መክፈቻውን ጠቅ ሲያደርጉ ለመስማት ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። ጠቅታ የለም። ይልቁንም ዝግ ያለ ድምፅ መጣ።

"ቆይ።"

ማንም ምንም አልነካም። ለማን እንደሆነ ለመረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። ለራሳቸው ነበር። እኒህ ሰው ለራሳቸው "ቆይ" ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"ሲስተር።"

"አቤት።"

"አንድ ነገር ልንገርዎት። ልጅቷ እንዳትሰማ።"

"አትሰማም" አለች አክስቴ፤ እኔ አጠገቧ ቆሜ እያየችኝ።

"ባትሪዎቹ… ሳይሆኑ አይቀሩም።"

አፌን በእጄ ያዝኩ።

"የትኞቹ?" አለች።

"ሁሉም። እውነቱን ለመናገር አንዱም በደንብ ድኖ አያውቅም። ይገባኛል እኮ። ግን ስንት ዓመት የሠራ ነገር አንድ ቀን ዝም ስላለ ብቻ ቆሻሻ ላይ ሲጣል… አላስችል ይለኛል።"

አክስቴ ከሠላሳ አራት ዓመት በኋላ ባለፈው ወር የመሥሪያ ቤቷን ቁልፍ ያስረከበች ሴት ናት። ፊቷን አየሁት፤ ልስልስ ብሏል። ቀጥ ብላ ወደ ሳሎን ሄደችና የቴሌቪዥኗን ሪሞት አነሣች። ያ ሪሞት በዚህ ቤት ማንም እጁን የማያሳርፍበት ነው፤ ማታ ማታ የምትከታተለው ተከታታይ ድራማ አለ፤ ባለፈው ሳምንት አዲስ ባትሪ ከሱቅ ገዝታ ያስገባችለት ራሷ ናት። ጀርባውን ከፈተችና ሁለቱንም ነቀለቻቸው።

"እጅዎን ያምጡ" አለች በብርድ ልብሱ ሥር እያሾለከች።

"ከየት የመጡ ናቸው?"

"አይጠይቁ። ይክተቱ።"

ከውስጥ መንኮሻኮሽ ተሰማ። "ጫፉ ሾጠጥ ያለው ወደ ላይ… ሌላው ወደ ታች… እስኪርቢቶ!"

አቀበልኳቸው። ሦስታችንም እስትንፋሳችንን ያዝን።

"ዝርርርርርርርር!"

አቤት ያ ድምፅ! እንዲህ ያለ ጉልበት ያ ካሜራ አባቴ በሕይወት እያለም አልነበረው። አክስቴ ሁለት እጇን ቁም ሳጥኑ ላይ ጫነች፤ ራሷን ረሳች። "በርቱ! አይዞዎት! መጣ፣ መጣ፣ ደርሷል! ትንሽ ብቻ፣ ትንሽ!" ትላለች። ከውስጥም "እየመጣ ነው ሲስተር!" ይላሉ። "ዝርርርር… ጠብ።" ጸጥታ።

በሩ ተከፈተ። ጋሽ ቆይ በላብ ተጠምቀው፣ ራሳቸው ላይ አንድ የሹራብ እጅጌ አንጠልጥለው ወጡ። ካሜራው በፎጣ ተጠቅልሏል። አክስቴ በሁለት መዳፏ ተቀበለቻቸውና ቀና ብላ የግድግዳውን ሰዓት አየች።

"አምስት ሰዓት ከሃያ!" አለች ጮክ ብላ፤ ማዋለጃ ክፍል እንደለመደችው።

ያለችው ለራሷም የገባት ቆይቶ ነው። ተያየን። ከዚያ ሦስታችንም አልጋው ላይ በተከመረው ልብስ መሀል በሳቅ ፈረስን። ጋሽ ቆይ እንባቸውን እየጠረጉ ቁጥሩን አነበቡ። "ዜሮ" አሉ፤ "ዜሮ! ተመስገን!" ብለው ጻፉት።

ፊልሙን የዚያኑ ዕለት ፎቶ ቤት አድርሼ፣ ዓርብ ከሰዓት ልቀበል ሄድኩ። ፎቶ አጣቢዋ በከተማው ፊልም ማጠብ ያልተወች ሴት ናት፤ ወሬ አታበዛም። ፎቶዎቹን ጠረጴዛው ላይ አንድ በአንድ ደረደረቻቸው። አንደኛ፣ ጭፍን። ሁለተኛ፣ ጭፍን። አምስተኛው ላይ ከንፈሬን ነከስኩ። አሥረኛው ላይ መቁጠር ተውኩ። ያ ሁሉ ዝርርር፣ ያ ሁሉ ቁም ሳጥን፣ አክስቴ ሃያ ሦስት ጊዜ ተኝታለች! ቅዳሜ ፊቷን እንዴት እንደማይ አላውቅም።

"አንዷ ቀርታለች" አለች አጣቢዋ፤ ለብቻዋ ያስቀመጠቻትን እያነሣች።

አክስቴ ከወንበሯ ገና ብድግ ስትል ናት። የጋዋኗ ኮሌታ ዞሯል፣ አንድ ፀጉር ግንባሯ ላይ ወርዷል፣ አፏ ድንጋጤና ሳቅ መሀል ተከፍቷል። ዓይኗም ተከፍቷል። ሁለቱም! ወለል ብሎ፣ በርቶ፣ አንድ ነገር ሲመጣ እያየ።

ጋሽ ቆይ "ቆይ!" ሲሉ ነው።

"ይቺን ሴትዮ አውቃታለሁ" አለች አጣቢዋ፤ ድምፅዋ ሌላ ሆኗል። "ሌሎቹን ሳጥብ አልለየኋትም ነበር። ይቺን ሳይ ነው ያወቅኳት። ልጄ ስትወለድ ቀና ብዬ መጀመሪያ ያየሁት ይህን ፊት ነው። እንደዚህ አድርጋ እያየች 'ሴት ናት!' አለችኝ።" ከዚያ ሳልጠይቃት አጉልታ አተመችልኝ።

ለአክስቴ ስሰጣት ፎቶዋን ወደ መስኮቱ ይዛ ሄደች።

"ዓይኔ እንዲህ ነው እንዴ?" አለች። "ትልቅ ነው እኮ!"

ቅዳሜ ተሰቀለች። በዚያ ግድግዳ ላይ ሌሎቹ ጡረተኞች ሁሉ ኮስተር ብለው፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ተሰልፈዋል፤ እሷ ብቻ ሰው እየተቀበለች ነው። ንግግር ሲደረግ ከኋላ "ቆይ!" የሚል ድምፅ ተሰማ። ጋሽ ቆይ ፍሬሙ ጠመም ማለቱን አይተው ኖሯል። ከኮታቸው ውስጥ ካቻቢቴ መዘው፣ የጤና ጣቢያውን ኃላፊ ገፋ አድርገው አቃኑት። አንድ ብሎን ተረፋቸው፤ ኪሳቸው ከተቱት።

ስንወጣ ጋሽ ቆይ በአክስቴ እጅ ላይ የሆነ ነገር አኖሩ፤ ፊታቸውን ወደ መንገዱ አዙረው። አዲስ ባትሪ ነው፣ ሁለት፣ ከነማሸጊያው።

"ለሪሞቱ ነው" አሉ።

"ከሱቅ ገዙ?" አለች፤ ማመን አቅቷት።

"ከሱቅ ነው።" ትንሽ ተራመዱ። "ለማንኛውም ብዬ ግን አንድ ሰዓት ፀሐይ አስመትቻቸዋለሁ።"

እኔም ለካሜራዬ አዲስ ባትሪ ገዛሁ፤ ፊልምም አፈላልጌ አገኘሁ። እንደ ሰዓት ይሠራል፣ ምንም አልጎደለውም። ትናንት ከሰዓት ግን አክስቴ ቤት ተቀምጠን ጨዋታው ቀዝቀዝ ቢልብን፣ ካሜራውን አነሣሁና ወደ ግድግዳው ዞሬ ድምፄን ከፍ አደረግኩ። "ወይኔ! እንደገና ቆመብኝ! ልክፈተው ይሆን?"

አክስቴ ሳቋን በመዳፏ አፍና መቁጠር ጀመረች። አንድ። ሁለት።

"ቆይ! ቆይ ቆይ ቆይ!"

መጀመሪያ ላይ ቤት ልከራይ ያልኩትን እርሱት። በሩን ከፈትኩላቸው።